ቁልፉን ከመረከቡ በፊት

አዲስ የጭነት መኪና ሾፌር በድርጅት ሥልጠና ላይ ምን ይጠብቀዋል? ቤተሰቡስ ምን ማወቅ ይኖርበታል?

ባለፈው ኅዳር ወር ለሌላ ጉዳይ ወደ ጌዴኦ ዞን ተጉዘን ነበር። ከዲላ ተነስተን፣ ይርጋጨፌን አልፈን፣ በጨለለቅቱ በኩል ወደ ገደብ ወረዳ ገብተን ባንኮ ጎቲቲ ስንደርስ መሸት ብሏል። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነውና መንደሩ አልተኛም። የተለቀመ እሸት ቡና ሳይውል ሳያድር ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፤ ጥራቱም ይወርዳል። ስለዚህ አይሱዙዎቹ ከየመሰብሰቢያው እየጫኑ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚመላለሱት በጨለማ ነው።

ከጣቢያው በር ላይ ቆመን ሳለ አንድ አይሱዙ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ። ገና በቅጡ ሳይቆም አንድ ወጣት ከኋላ ዘሎ ወረደና በእጁ የያዘውን ታኮ ከኋላ ጎማ ሥር ሸጎጠ፤ የመኪናውንም ጎን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋው ያን ጊዜ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ የ24 ዓመት ወጣት ረዳት ነው። ስሙ እንዲጻፍ ቤተሰቡ አልፈቀደም፤ እኛም አላስፈለገንም።

ልጁ በረዳትነት አራት ዓመት ሠርቷል። ጭነት ማሰር፣ ሸራ መወጠር፣ ጎማ መፍታት፣ በጭቃ የተያዘ መኪና ማውጣት ያውቅበታል። ባለፈው ዓመት ደግሞ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ አወጣ። ከጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ አንድ ድርጅት «ለሥልጠና ቅረብ» የሚል ጥሪ ልኮለት ቤተሰቡ በደስታና በጭንቀት መካከል ላይ ነበር የደረስነው።

በማግሥቱ ጠዋት «ቡና ጠጡ» ተብለን ቤታቸው ገባን። ጓሮው እንሰትና ቡና ተጠጋግተው የበቀሉበት ነው። አባት ከኮታቸው ኪስ ሦስት የታጠፉ ወረቀቶች አወጡና «እናንተ ከወረቀት ጋር የምትውሉ ሰዎች ናችሁ፤ እስቲ ይህን አንብቡልን» አሉን።

ሦስቱ ወረቀቶች

አንደኛው የጥሪ ደብዳቤ ነው፤ ምንም አያስቸግርም። ሁለተኛው የሥልጠና ውል ነው። ሠልጣኙ ሁለት ዓመት ሳያገለግል ድርጅቱን ከለቀቀ የሥልጠናውን ወጪ እንደሚከፍል ይናገራል፤ ወጪው ስንት እንደሆነ ግን ቦታው ባዶ ነው። ሦስተኛው የዋስ ፎርም ነው። «በመኪናውና በጭነቱ ላይ ለሚደርሰው ማናቸውም ጉዳት ኃላፊ ነኝ» ይላል። የገንዘብ መጠን የለበትም።

ዋስ እንዲሆን የተጠየቀው የእናቲቱ ወንድም ነው፤ ዲላ ላይ የሚያስተምር ደመወዝተኛ። በጠዋቱ መኪና መጥቶ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሦስት ልጆች አሉት። ባለቤቱ «የሰው ልጅ ይሙት አልልም፤ ግን ያልታወቀ ዕዳ ላይ አትፈርም» ብላ እንደላከችው ቆይቶ ነገረን። ሴትየዋን አልፈረድንባትም። አንድ ተሳቢ መኪና የሚያወጣውን ዋጋ በመምህር ደመወዝ ለመክፈል ስንት ትውልድ እንደሚፈጅ ማስላት የሚችል ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በአንቀጽ 1922 መሠረት ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ «ማናቸውም ጉዳት» የሚለው ፎርም ለሁለቱም ወገን አይበጅም፤ ዋሱን ያስፈራል፤ ድርጅቱንም ክርክር ሲነሳ ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። ቁጥር ይጻፍ ማለት ነገረኝነት አይደለም።

ሌላም አለ። ልጁ ሥልጠና ላይ ነው ወይስ ተቀጥሯል? ይህ ከመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መብት አለው። ከደመወዝ መቁረጥን በተመለከተ ደግሞ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር መቁረጥ አይቻልም፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ከሲሶ አይበልጥም። ብዙ አዲስ ሾፌሮች የተሰበረ መስታወትና የፈነዳ ጎማ ሲቆረጥባቸው ዝም የሚሉት ይህን ስለማያውቁ ነው።

እናት እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው «የት ያድራል? ምንስ ይበላል?» አሉ። እውነቱን ለመናገር ፈገግ ብለን ነበር። በኋላ ግን ከሁላችንም የተሻለውን ጥያቄ የጠየቁት እርሳቸው መሆናቸው ገባን። ሠልጣኝ በጉዞ ላይ ውሎ አበል ይታሰብለታል ወይስ አይታሰብለትም? ካቢና ውስጥ ነው የሚተኛው ወይስ አልጋ ይያዝለታል? የማይተኛ ሰው መኪና አይነዳምና ይህ የእናት አንጀት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አባት ግን ልባቸው ወደ መስማማቱ ያዘነብላል። ምክንያታቸውን ስንጠይቅ የነገሩን ያልጠበቅነውን ነው። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ተነስቶ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ በ2011 ዓ.ም ጎቲቲም የተፈናቀሉ ወገኖች በብዛት ተጠልለውባት ነበር። «ያን ጊዜ እህሉ በጭነት መኪና መጣ። መኪና ሲመጣ ሕፃናቱ ሁሉ ይሮጡ ነበር። ሾፌር ማለት ያኔ ነው የገባኝ» አሉን።

ሳምንት ሙሉ መኪና አልነካም

መምህሩ ፎርሙን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ስልክ ደወለ። መጀመሪያ «ፎርሙ የተዘጋጀው እንዲህ ነው» የሚል መልስ ተሰጠው። በማግሥቱ እንደገና ሲደውል ግን የዋስትናው መጠን በቁጥር እንዲጻፍ፣ የሥልጠናውም ወጪ እንዲሞላ ተስማሙ። ፈረመ። ኮፒውን ያስቀመጠችው ባለቤቱ ናት።

ልጁን ቀጥሎ ያገኘነው በመጋቢት ወር አዲስ አበባ ላይ ነው። ከስቷል፤ ግን ደስተኛ ነው። የነገረንን፣ ብዙ ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ አሁን አዳዲስ ሾፌሮችን ከሚያለማምድ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ከሰማነው ጋር አጣምረን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ሳምንት መሪ ለመጨበጥ የቸኮለን ወጣት ያበሳጫል። የዓይን ምርመራ፣ የደም ግፊት፣ የመንጃ ፈቃዱ እውነተኛነት ማጣሪያ፣ የትራፊክ ደንብ ትምህርት፤ ከዚያ ፎርም፣ እንደገና ፎርም። «መንዳት ልማር ነው የመጣሁት ወይስ ጸሐፊ ልሆን?» ብሎ ነበር። አሠልጣኙ ሲስቁ «ወደብ በር ላይ አንድ ወረቀት ጎድሎህ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ስትቆም ትማረዋለህ» አሉት።

ቀጥሎ የመጣው የጠዋት ፍተሻ ነው። አሠልጣኙ ማታ አንድ መኪና ላይ ሆን ብለው ጥፋት ይሠራሉ። የአንድ ጎማ ቡሎን ያላላሉ፤ በጥንድ ጎማዎች መካከል ድንጋይ ይሰነቅራሉ፤ የፍሬን መብራት ገመድ ይነቅላሉ፤ የሸራ ገመድ በግማሽ ይፈታሉ። ጠዋት ሠልጣኞቹ ፈልገው ያገኛሉ። የባንኮ ጎቲቲው ልጅ የአራት ዓመት ረዳት ነውና ድንጋዩንም ቡሎኑንም ማንም ሳይቀድመው አገኘ። ያላገኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በአየር ፍሬኑ ታንከር ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ። ትናንሾቹ አይሱዙዎች ፍሬናቸው በዘይት የሚሠራ ስለሆነ ይህን ሥራ አያውቀውም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ትልቁ ተሳቢ የሚቆመው በታመቀ አየር ነው። ሞተሩ ሲነሳ አየሩ ታንከሮቹ ውስጥ እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ነው፤ ከመጠን በታች ሲሆን ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። አየሩ ጨርሶ ቢያልቅ የእጅ ፍሬኑ ስፕሪንግ ጎማዎቹን ይነክሳቸዋል እንጂ መኪናው በነፃ አይለቀቅም። ከአየሩ ጋር የሚገባው እርጥበት ግን ታንከሩ ሥር ውኃ ሆኖ ይተኛል፤ በየጊዜው ካልተለቀቀ ቧንቧውንና ቫልቩን ያበላሻል። ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ አንድ ነገር ደረሰበት። ግቢው ውስጥ ቀስ እያለ ከሚሄድ መኪና፣ እንደ ለመደው፣ ዘሎ ወረደ። አሠልጣኙ ምንም አልተቆጡም፤ የዚያን ቀን ልምምድ ከልክለው አጥር ሥር አስቀመጡት። «ረዳትነት ብዙ ያስተምራል፤ ግን ግማሹን እኔ ነኝ የማስረሳቸው» አሉን አለማማጁ። እኛም እንስማማለን። ቀድሞ ሰው ሾፌር የሚሆነው አንድን ሾፌር ለዓመታት እየተከተለ፣ አንዳንዴም እየተሰደበ ነበር። እጅ ያስተምር ነበር፤ የጌታውን መጥፎ ልማድም አብሮ ያወርስ ነበር።

ወደ ኋላ መሄድ ሌላው ፈተና ነው። ተሳቢ የያዘ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ መሪው በተቃራኒ ይሠራል፤ የተሳቢው ጀርባ ወደ ቀኝ እንዲሄድ መሪውን ወደ ግራ ማዞር ያስፈልጋል። ኩርባ ላይ ደግሞ የተሳቢው ጎማዎች የፊቱን ጎማ መንገድ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ። ጠርዝ ላይ የቆመ እግረኛን የሚነካው ብዙ ጊዜ ሾፌሩ የማያየው ይህ ክፍል ነው። ልጁ ይህን ለመልመድ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶበታል። ሲያልመው ያድር እንደነበር ነግሮናል።

ቁልቁለት

ከሥልጠናው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ቁልቁለት ነው፤ መውሰድም አለበት። የአገራችን መንገድ ተራራ ለተራራ የተዘረጋ ነው። ከሞጆ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርስ መኪና ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ተነስቶ ባሕሩ ዳር ይወርዳል። ከገደብ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ የተመላለሰ ሰውም ቁልቁለትና ቀይ ጭቃ ሲገናኙ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ብዙ ሰው ፍሬን «እምቢ አለ» ሲባል አንድ ነገር የተበጠሰ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ሾፌሩ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳያቋርጥ ሲረግጥ የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ ይግላሉ። የጋለ ሸራ መያዝ ያቅተዋል። ሾፌሩ አጥብቆ በረገጠ ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል። ፍጥነት ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ወደ 60 ሲያድግ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

መድኃኒቱ ከቁልቁለቱ በፊት ነው። ገና አፋፉ ላይ ሳሉ ፍጥነት ቀንሶ ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት፤ በሞተር ፍሬን መያዝ፤ የእግር ፍሬኑን አጠር አድርጎ ረግጦ መልቀቅና እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት። ቁልቁለቱ መካከል ላይ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር አደገኛ ነው፤ ማርሹ ወጥቶ አልገባም ሊል ይችላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ መልቀቅ ደግሞ መኪናውን ከሞተሩ ፈትቶ መጣል ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። በረዳትነቱ ዘመን አለቃው ዘወትር እንዲህ ያደርግ ነበር፤ እርሱም እንደ ብልሃት ያየው ነበር።

ሕዝቡ ሲኖ ትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ እስከ መሰየም መድረሱን አንባቢያን ያውቃሉ። ለአይሱዙም ያወጣለት ስም ከዚህ የተሻለ አይደለምና አንጽፈውም። ስሙ የተሰጠው ለብረቱ ነው፤ ብረቱ ግን ማርሽ አይመርጥም።

እንቅልፍና ጫት

አለማማጁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት እንቅልፍ ላይ ስንደርስ ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሾፌር ለሦስት ሰከንድ ቢያንቀላፋ መኪናው 50 ሜትር ያለ ሾፌር ይጓዛል። ዓይን ተገልጦም አእምሮ ሊተኛ ይችላል። ጫት ንቁ ያደረገ ይመስላል፤ የጎደለውን እንቅልፍ ግን አይተካም፤ ኃይሉ ሲለቅ ድካሙ ተጠራቅሞ ይመጣል። «መስኮት ከፍቼ፣ ሙዚቃ ጮክ አድርጌ እደርሳለሁ የሚል ሾፌር ያን ሰዓት መቆም ነበረበት» ይላሉ።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሾፌር 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ የመኪናው መሣሪያም ይመዘግበዋል። እኛ ዘንድ ሾፌሩን የሚያስቸኩለው ብዙ ጊዜ «ምልልስ» የሚባለው ነገር ነው፤ በጉዞ ብዛት የሚከፈለው ሰው እንቅልፉን ይሸጣል። ስለዚህ ወላጆች፣ ባለቤቶችም፣ ደመወዙ ስንት ነው ከማለት በፊት ክፍያው በወር ነው ወይስ በምልልስ ብላችሁ ጠይቁ።

ባሕር ማዶ ያሉትስ?

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በጭነት መኪና ሥራ ተሰማርተዋል። ዘመድ ሲደውል «ካምፓኒ ገብቼ እየሠለጠንኩ ነው» ሲል ምን ማለቱ ነው? እዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከየካቲት 7 ቀን 2022 ወዲህ አዲስ ገቢ ፈተና ከመቀመጡ በፊት በተመዘገበ ማሠልጠኛ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ትምህርት መጨረስ አለበት። ድርጅት ሲገባ ጥቂት ቀን ገለጻ ይሰጠዋል፤ የጤናና የዕፅ ምርመራ ያደርጋል፤ ከዚያ ከአለማማጅ ጋር ለሳምንታት አንድ ካቢና ውስጥ ይኖራል። አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ አልጋው ላይ ይተኛል፤ ወይም ለመተኛት ይሞክራል። ዕቃ የጫነ ሾፌር ከ10 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት በኋላ መንዳት የሚችለው ቢበዛ 11 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱንም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመዘግባል። በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው በእጅ የሚቀየር ማርሽ እንዳይነዳ ፈቃዱ ላይ ገደብ ይጻፍበታል። ሥልጠናውን በነፃ የሚሰጡ ድርጅቶች ለተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግል ማስፈረማቸውም የተለመደ ነው። ባንኮ ጎቲቲ ላይ ያነበብነው ሁለተኛው ወረቀት እዚያም አለ ማለት ነው።

እዚህ አገር ደግሞ በአዲስ አበባ በሰላም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ቮልቮ፣ የስዊድኑ ሲዳና የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት ተባብረው ለከባድ ተሽከርካሪ መካኒኮች፣ ቆይቶም ለሾፌሮች ሥልጠና አቋቁመዋል። ይህን መሰሉ ዕድል ለገደብ ልጅ ሩቅ ነው። ዲላ ላይ ቢኖር ኖሮ የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይመጣብናል።

ከአለማማጁ ጎን

ልጁ ግቢውን ጨርሶ መንገድ ሲወጣ የመጀመሪያውን ጉዞ ሙሉ መሪ አልጨበጠም። ሥራው ማየትና መጻፍ ነበር፤ የት ቁልቁለት አለ፣ የት ግመልና ከብት ያቋርጣል፣ የት ማደር ይሻላል። ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ ደጋ ላይ ላደገ ልጅ ከባድ ነው። ሚሌ ላይ የጋለ ጎማ ዳሰሰና አየሩ በዛ ብሎ ሊቀንስ ጎንበስ ሲል አለማማጁ እጁን ያዙት። ጎማ ሲግል የአየር ግፊቱ ይጨምራል፤ በትኩሱ ካስተነፈሱት ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል፤ ያነሰ አየር ደግሞ በሚቀጥለው ጉዞ ጎማውን ይበልጥ ያግለዋል። የሚለካው ጠዋት በብርዱ ነው።

ከሞጆ የጫኑት ቡና ነበር፤ ስድሳ ስድሳ ኪሎ የሚመዝን 320 ጆንያ በአንድ ኮንቴይነር፣ በድምሩ 19,200 ኪሎ ግራም። የማን አገር ቡና እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አላየም። ኮንቴይነሩ በማኅተም የታሸገ ነው፤ የሾፌሩ ሥራ የማኅተሙ ቁጥር ከወረቀቱ ቁጥር ጋር መግጠሙን በየኬላው ማረጋገጥ ነው። «ረዳት ሳለሁ ጭነቱን በእጄ እነካው ነበር፤ አሁን ቁጥሩን ነው የምጠብቀው» አለን።

ይህን ጽሑፍ እስካዘጋጀንበት ቀን ድረስ ከአለማማጁ ጋር ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ሦስተኛውን ጉዞ እየጠበቀ ነው። በሁለተኛው ጉዞ ሜዳ ሜዳውን እንዲነዳ ተፈቅዶለታል፤ ቁልቁለቶቹን አለማማጁ ራሳቸው ወስደዋል። ከእኛ ጋር ተቀምጦ ሳለ እናቱ ደወሉ። ስለ ምግቡና ስለ ማደሪያው ጠይቀው ሲያበቁ «ታዲያ ቁልፉን ሰጡህ?» አሉት።

«ገና ነው እማ» አለ። «አሁንም ታኮ የማስገባው እኔ ነኝ። ግን መኪናው ከቆመ በኋላ ነው የምወርደው።»